ከድልድዩ ማዶ የማይሠራ ፈቃድ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ሥራዋ የተጨነቀ ሰው ማዳመጥ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ተምራለች፣ ተፈትናለች፣ የምትኖርበት ክልል የሙያ ፈቃድ ሰጥቷታል። ስሟ ትርሲት ይባላል።

ደምስ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ወደ እርሷ ይመጣ ነበር። መኪናው ገደል ገብቶ ረዳቱ ሞቷል፤ እርሱ ተርፏል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም፣ መሪ መጨበጥ የለም፣ ከሰው መነጋገር የለም። ትርሲት በትዕግሥት ብትይዘው፣ ውሎ አድሮ የሟቹን ስም ለመጥራት በቃ። ይህ ትንሽ ነገር ነው? ትንሽ አይደለም፣ ወገኖቼ።

ሥራ የፈታ ሰው ግን ለብቻው ቤት መያዝ አልሆነለትምና እኅቱ አስካለ ዘንድ ገባ። የአስካለ ከተማ ከወንዙ ማዶ ነው። ድልድዩን ሲሻገሩ ሌላ ክልል ነው።

ትርሲት እኔው እየመጣሁ አይሃለሁ አለችው። እዚያ ያለው ጤና ጣቢያም እንዲህ ያለ ባለሙያ ስላልነበረው ደስ ብሎት ክፍል ሰጣት። ወዲያው የዚያ ክልል ፈቃድ ሰጪ ቢሮ ሰማና አስቆማት። ለምን? ፈቃዷ የወዲያኛው ክልል ነዋ!

ሄዳ አመለከተች። ከመጣችበት ክልል ማረጋገጫ እንድታመጣ ነገሯት። ተመልሳ ስትጠይቅ፣ የክልሏ ሰዎች ደግሞ ራሳቸው ይጠይቁን አሉ። ወደ ማዶው ቢሮ ሄደች፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሄደች፤ ኃላፊው ተቀይረዋል። ሄደች፤ ሲስተም የለም። በመጨረሻ አዲሱን ኃላፊ አገኘቻቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ወንበር ስበው አስቀመጧት።

"ደኅና ባለሙያ እንደሆኑ አልጠራጠርም፤ ግን በእኛ በኩል አናውቅዎትም" አሏት።

"ጌታዬ፣ ድልድዩን ስሻገር የተማርኩት ይጠፋብኛል እንዴ?"

መመሪያው ነው አሉ።

በዚህ መሐል አስካለ ደወለች። ደምስ እህል መቅመስ ትቷል፤ ልብሱን ለጎረቤት አከፋፍሏል። አስካለ ነገሩ ባይገባትም ፈርታለች። ትርሲት ግን ገባት፤ መሰናበቱ ነው። ባገኘችው ሚኒባስ ተሻገረች፤ ከአስካለ ጋር ሆና አስነሥታ፣ ፈቃዷ ወደሚሠራበት ሆስፒታል ይዛው ተመለሰች። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ደምስ ውሃውን አየና፣ "ዛሬ ባይመጡልኝ ኖሮ ወደዚህ ልመጣ ነበር" አላት።

ዳነ። ቀስ እያለ ዳነ። ፈቃዱስ? ወጣ፤ ደምስ ተመልሶ መሪ ከጨበጠ በኋላ።

ፈቃድ አይጠየቅ አላልኩም። ማንም እየተነሣ የሰው ቁስል እንዳይነካካ መጠየቁ መልካም ነው። ግን ቢሮውን ለመውቀስ አትቸኩሉ። እናንተስ? ሰው ጨንቆት በራችሁ ሲቆም መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? የየትኛው ደብር ነህ? የማን ወገን ነህ? ማን ያውቅሃል?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሰፈር ባሏ የሞተባት ሴት ድንኳን ለምና፣ የእኛ ዕድር አባል አይደለችም ብላችሁ መለሳችኋት። ድንኳኑ ታጥፎ ዕቃ ቤት ተቀምጧል። ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ቆሞ ዋለ። ለማን ነበር የቆጠባችሁት? እግዚአብሔር ሲምራችሁ ከየት ናችሁ ብሎ ጠየቃችሁ?

ሴትየዋ ዛሬም እቤቷ ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ወጥታችሁ በቀኝ በኩል ነው። ሂዱ።