አቶ አሥራደ ድምፃቸውን ያስመረጡ ዕለት

ጽሕፈቴ ስለማያምርና ፊደል ስለምስት ቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አቶ አሥራደ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ኮምፒውተራቸው ላይ የራሳቸውን ዘፈን እየቀዱ ለተከራዮቻቸው ሁሉ ያሰሙ ነበር። አንድ ቀን ድምፁን ለማሳመር ሁለት ዕቃ ገዙ፤ አንዱ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገጠም ሳውንድ ካርድ፣ ሌላው ከውጭ በገመድ የሚሰካ ዳክ የሚባል ትንሽ ሳጥን። ከዚያ አፈኛዋን ልብስ ሰፊ ተከራያቸውን ጠርተው አንዱን ዘፈን በሁለቱም አሰሟት።

«የቱ ይሻላል? ሁለቱም ያው ነው ያለ ሰው ጆሮ የለውም፤ ጆሮ የሌለው ደግሞ ቤቴን ይለቃል!» አሏት።

ልብስ ሰፊዋ እውነቱን ለመናገር ልዩነቱ ጨርሶ አልተሰማትም። ከዚያ ቤት ብትወጣ ደግሞ ሌላ መጠጊያ የላትም። ጥቂት አሰበችና «ከውጭ የሚሰካው ይሻላል፣ ጋሼ» አለች።

አቶ አሥራደ ፊታቸው በራ። «አየሽ፣ ጆሮ አለሽ! ምኑ ነው የበለጠብሽ?»

«ይነቀላላ!»

አቶ አሥራደ ሳቃቸው አመለጣቸው። «በይ፣ ቤቱን አትለቂም። ግን ይሄን ያህል አስቸግሬሻለሁ?»

«ጋሼ፣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም እንጂ፣ መብራት ሲጠፋ ግቢው ሁሉ ሲያማርር እኔ በሆዴ እልል እላለሁ።»