የሚጢን ፀጉር ማን በላው?

አንድ ግቢ ውስጥ፣ ምንጣፋቸውን ከነፍሳቸው አብልጠው የሚወዱ፣ እትዬ አልታዬ የሚባሉ ባለጸጋ ሴትዮ ነበሩ። ነጋዴ ዘመዳቸው አንድ ቀን ሁለት ጊኒ ፒግ በስጦታ አመጣላቸው። ጊኒ ፒግ ማለት፣ ለማታውቁት፣ እንደ ጥንቸል ፀጉራም የሆነች፣ ጆሮዋ አጭር፣ ጅራት የሚባል ያልፈጠረባት፣ ሲርባት እንደ ወፍ የምትጮህ ትንሽ እንስሳ ናት። ወፍራሟን ንግሥት፣ ቀጭኗን ሚጢ አሏቸው። የሽቦ ቤት ተሠርቶላቸው ሳሎን ገቡ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እየመጣ አያቸው። እኔም አይቻለሁ፣ ያውም ሁለቴ።

የምትንከባከባቸው ደብሪቱ የምትባል የቤት ሠራተኛ ነበረች። ደብሪቱ የገጠር ልጅ ናት፤ እንስሳ ምን እንደሚፈልግ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ሥር ሳር አጭዳ፣ ከጎመኑም ቅጠል ጨምራ ትሰጣቸዋለች። እነሱም ቀኑን ሙሉ ሲያኝኩ ይውላሉ። ፀጉራቸው እንደ ሐር ያበራ ነበር።

አንድ ቀን እትዬ አልታዬ ምንጣፋቸው ላይ ሦስት ዘለላ ሳር ወድቆ አገኙ።

«አንቺ ደብሪቱ! ሳሎኔን በረት ልታደርጊው ነው?»

«እትዬ፣ ያለ ሳር እኮ አይሆንላቸውም።»

«ብስኩት ስጫቸው፤ ዳቦም ሞልቷል። እኔ ቤት ሳር የሚበላ የለም!»

ሳሩ ቀረ። ወር ሳይሞላ የሚጢ ጀርባ መመለጥ ጀመረ። መጀመሪያ መላጣዋ ጥፍር የምታህል ነበረች፤ ከዚያ ሰፋች፣ ከዚያ ጀርባዋ ግማሹ ባዶ ሆነ። ንግሥት ግን ምንም አልሆነችም። እንግዲህ ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ «ምን ጎደለባት?» ይላል። እትዬ አልታዬ ግን «ማን አየብኝ?» አሉ።

በዚያው ሰሞን ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቶ፣ እኛ ሴቶች የእድሩ ድንኳን ውስጥ ተሰብስበን ሽንኩርት እንከትፋለን። እትዬ አልታዬ መጥተው መሃል ተቀመጡና እንዲህ አሉ፦

«ይቺ ሠራተኛዬ ዓይኗ ጥሩ አይደለም። ሚጢዬን ትኩር ብላ ባየቻት ማግስት ፀጉሯ ይረግፋል። ልጅ ያላችሁ ተጠንቀቁ፣ ብያለሁ!»

«እኔስ ድሮም አልወደድኳት!» አለች አንዷ። ማን መሰለቻችሁ? ልጇ ሲታመም ደብሪቱ አዝላ ሐኪም ቤት ያደረሰችላት ናት! ሌሎቻችንም ሰምተን ዝም አልን፤ ሽንኩርታችንን ከተፍን።

በማግስቱ ደብሪቱ ተባራ፣ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ወጣች። ሥራ ፍለጋ ስንቱን በር አንኳኳች መሰላችሁ! ወሬው ግን ቀድሟት ይደርሳል። ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ በሩን ዘጋባት። ልጅ የሌለበት ቤት ደግሞ የት ተገኝቶ?

ለሚጢ መድኃኒት ተፈለገላት። ላምባ ተቀባች። ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ተለጠፈባት። የተመለጠው ቆዳ ጭራሽ ቆሰለ። እንግዳ ሲመጣ፣ እንዳያስነውር ተብሎ፣ ሹራብ ታጠልቃለች። ንግሥት ግን «የኔ ቆንጆ!» እየተባለች ብስኩት ይጨመርላታል። ደብሪቱ ከወጣች ሦስት ሳምንት ሆኗት፣ የሚጢ ፀጉር ማለቁን አልተወም። እስቲ ንገሩኝ፣ ክፉ ዓይን ሰፈር አቋርጦ ይሠራል?

በመጨረሻ ሚጢ እህል እምቢ ስትል፣ ላምና በቅሎ ሲያክሙ ያረጁ የእንስሳት ሐኪም ተጠሩ። ሽማግሌው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አገላብጠው አዩዋት።

«ይሄ ቁስል ከምን መጣ?»

«ላምባ ነው አባባ፣ ለመድኃኒት ብለን…»

«ቁስሉን ያመጣው መድኃኒትዎ ነው ማለት ነው። ቅንቅን የለባትም፣ እከክም የለባትም። ፀጉሯም አልረገፈም። ቀረብ ብለው ይዩት፤ እንደ ታጨደ እህል አጋማሹ ላይ ተቆርጧል።»

«ማን ቆረጠው?»

ሐኪሙ ሚጢን ወደ ቤቷ መልሰው «ዝም ብለን እንይ» አሉ። ብዙም አልቆየ። ንግሥት እየተንገዳገደች መጣች፤ ሚጢን ጥግ አስያዘቻትና የጎኗን ፀጉር በጥርሷ ይዛ ታኝክ ጀመር።

«ውይ! ይቺ ሌባ! አሁኑኑ አውጥቼ ነው የምጥላት!»

«እሷንም ይተዉአት» አሉ ሐኪሙ። «ቀኑን ሙሉ ሳር ስታኝክ እንድትውል ነው የተፈጠረችው። ሳር ስታጣ የጓደኛዋን ፀጉር አጨደች። ሳሩን የከለከለ ማን ነው?»

ምንጣፉ ግን ንጹሕ ነበር።

ሁለቱ ለየብቻ ተደረጉ። ሳሩም ጎመኑም ተመለሰ፤ የሚጢ ቁስል በደህና ቅባት ታከመ። ፀጉሯ በቅሎ ሲያበቃ እትዬ አልታዬ ደብሪቱን አስጠሯት። ያውም በጓዳ በር።

«በይ ያለፈው አለፈ። ግቢና ሥራሽን ቀጥይ።»

«እትዬ፣ የሚጢ ፀጉር በቀለ?»

«ተመስገን፣ በሁለት ወር ድፍን አለ።»

«የእኔ ስምስ በስንት ወር ይበቅላል? ስሜን ሲገፍፉኝ ድንኳን ሙሉ ሰው እያየ ነው፤ ሊያለብሱኝ ግን በጓዳ በር ጠሩኝ። እነዚያው ሴቶች ፊት ይናገሩልኝ፤ ከዚያ ስለ ሥራው እናወራለን።»

«እኔ? ለሠራተኛ?» ብለው በሩን ዘጉት። እስከ ዛሬ አልተናገሩም።

እንግዲህ እሳቸው ካልተናገሩ፣ ሰምተን ዝም ያልነው እንናገር። የደብሪቱ ዓይን ንጹሕ ነው። ይህን ያነበበ ላላነበበው ይንገር፤ ሐሜቱ በደረሰበት በር ሁሉ ይድረስ።

ትምህርቱም ይኸው፦ አንዱ ተራቁቶ ስታዩ ሹራብ ከማልበሳችሁ በፊት፣ አጠገቡ አፉ የሞላው ማን እንደሆነ እዩ። አፉ የሞላውንም ከመምታታችሁ በፊት፣ ምግቡን የከለከለው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ስሙን በአደባባይ ያጠፋችሁትን ሰው በጓዳ ይቅርታ አትጠይቁት፤ ያ ይቅርታ አይደለም፣ ሁለተኛ ስድብ ነው።

እናንተስ፣ ሽንኩርት እየከተፋችሁ የማን ስም ሲገፈፍ ሰምታችሁ ዝም አላችሁ?