ማንጠግቦሽ እና ሳያንኳኳ የገባው ጭራቅ

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

«ጆሯችሁ የት አለ?»

«እዚሁ ነው!»

በድሮ ጊዜ በአንድ ሐይቅ ዳር ማንጠግቦሽ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ከደንገል ታንኳ ይሠራል። እናቷ ዓሣ ታደርቃለች።

አንድ ቀን ነቀርሳ የሚባል ጭራቅ ሽምብራ አክሎ መጣ። ሳያንኳኳ ሆዷ ውስጥ ገባ። ተቀምጦ በላ። እሱ ቅል አከለ፤ እሷ ከሳች።

«ማን ነህ?» አለችው።

«ንጉሥ ነኝ። ከእንግዲህ እዚህ ነው የምኖረው።»

«እንግዳ ከሦስት ቀን በላይ አይቀመጥም።»

«እንግዳ አይደለሁማ» አለና ምሳዋን በላባት።

አባትና እናቷ በታንኳ አሳፍረው ሐይቁ መሀል ባለው ደሴት ላይ ወደምትኖረው ባለመድኃኒት፣ ወደ እመት ኤሊ ወሰዷት። እመት ኤሊ ሆዷን አዳመጠች። ቀስ ብላ ስለምታዳምጥ ቀኑ ተጋመሰ።

«ሦስት ዋንጫ መድኃኒት አለ» አለች። «እሱንም ይጎዳል፤ አንቺንም ይጎዳል። እሱን ግን ይብስበታል።»

«ያማል?»

«ያማል፣ ልጄ።»

«እማዬ፣ ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ። እጄን ያዢ» አለች እናቷ።

ያዘችና ጠጣች።

በመጀመሪያው ዋንጫ ፀጉሯ ረገፈ። ጭራቁ አንሶ ብርቱካን አከለ።

«መጠጣቱን ተዪ፤ ፀጉርሽን እመልስልሻለሁ» አላት።

«ፀጉር ይበቅላል። አንተ ውጣ።»

የዚያን ቀን አባቷ ተላጨ። እናቷም ተላጨች። አያቷ ፀጉር ስላልነበራቸው ጺማቸውን ተላጩ። አውራ ዶሮው «እኔንም ንጩኝ» አለ። «አንተ ይቅርብህ» ተባለ።

በሁለተኛው ዋንጫ ምግብ ሁሉ አመድ አመድ አላት። ጭራቁ ሎሚ አከለ።

«ተዪው፤ ምግብሽን አጣፍጥልሻለሁ» አላት።

«ምግቤን የምትበላው አንተ አይደለህ እንዴ?»

እናቷ አጥሚት ሠርታ በማንኪያ አጠጣቻት። ብቻዋን እንዳትሆን ቤተሰቡ ሁሉ አጥሚት ጠጣ። አባቷ አጥሚት አይወድም። ጠጣ።

በሦስተኛው ጊዜ እግሯ አልሄድ አላት። አባቷ አዝሎ ወደ እመት ኤሊ ወሰዳት። ጭራቁ ግን ነቅቷል፤ ዋንጫው ሲቀርብ ሮጦ ጉልበቷ ውስጥ ተደበቀ።

«መድኃኒቱ እዚያ አይደርስም» አለች እመት ኤሊ። «ለዚህ ዘዴ የለኝም።»

ማንጠግቦሽ አሰበች። ከዚያ እናቷን በዓይኗ ጠቅሳ ጮክ ብላ፣ «እማዬ፣ መድኃኒት በቃኝ! ማር ስጪኝ!» አለች።

እናቷ ገባት። የዋንጫውን ከንፈር ማር ቀባችው። ጭራቁ ሸተተው። ከጉልበቷ ተነስቶ፣ ሆዷን አልፎ፣ ጉሮሮዋ ሥር አፉን ከፍቶ ቆመ።

«ቶሎ በይ!» አላት።

መድኃኒቱን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ሁሉም እሱ አፍ ውስጥ ገባ።

«ይሄ ማር አይደለም» አለ ጭራቁ።

ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። እንደ ጨው ሟሟ።

ማንጠግቦሽ ሦስት ቀን ተኛች። በአራተኛው ቀን ዓሣ አምጡልኝ አለች። ሁለት በላች። ሦስተኛውን ስትጠይቅ እናቷ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ከዚያ ዓሣውን ይዛ ወጣች።

ልጆች፣ ደፋር ማለት የማይፈራ አይደለም፤ እየፈራ መራራውን የሚጠጣ ነው። የታመመን ሰው ደግሞ ብቻውን አትተዉት።

ተረቴን ለሰው አድርሱ፣ አፌን በእሸት አብሱ!