«ቁሙ!» ያላለው ጠባቂ

አንድ በፍርሃቱ የሚያፍር ሰው ነበር። ስሙ ቢያድግልኝ ይባላል። የሚኖረው በቆላ፣ ከአንድ ሰፊ ሸለቆ አፋፍ ላይ በተቀመጠች መንደር ነው። በሸለቆው ውስጥ የሰው ቁመት የሚያህል ሰንበሌጥ ይበቅላል፤ የመንደሩ ቤቶች ሁሉ የሚከደኑትም በዚሁ ሣር ነው። ሸለቆው ግን የእባብም አገር ነው። ከሣሩ ሥር እፉኝት ትተኛለች፣ በድንጋዩ ስንጥቅ ዘንዶ ይጠቀለላል፣ አርጃኖውና ኤሊው እንደ ልባቸው ይመላለሳሉ።

ስለዚህ በመንደሩ አንድ ደንብ ነበር። አጫጆች ወደ ሸለቆው ሲወርዱ አንድ ሰው ማጭድ ሳይዝ፣ በትር ብቻ ይዞ ከፊታቸው ይሄዳል። ሥራው ማየት ነው። የሚያጠራጥር ነገር ካየ «ቁሙ!» ይላል። ያን ጊዜ ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ ጠባቂው ቀርቦ ምንነቱን እስኪለይ ድረስ ማንም እግሩን አያነሣም። ይህን ሥራ ለብዙ ዘመን የሠሩት አባ ተገኝ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም በእሳቸው ቦታ ቢያድግልኝን መረጡ።

ሰዎች ተገረሙ። «አባ፣ እሱ እኮ ፈሪ ነው!» አሏቸው።

«ለዚህ ነው የመረጥኩት» አሉ አባ ተገኝ። «የማይፈራ ሰው ትኩር ብሎ አያይም።»

በዚያ ዓመት በኅዳር ወር የይመኙሻል ቤት ተቃጠለ። ይመኙሻል ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። መንደርተኛው በደቦ ግድግዳውን አቆመላት፤ የቀረው የጣሪያው ሣር ነበር። አንድ ማለዳ ሃያ ያህል ሰዎች ማጭዳቸውን ይዘው ወደ ሸለቆው ወረዱ። ይመኙሻልም ልጆቿን ጎረቤት ትታ አብራ ወረደች። ደቦውን የሚመራው ሽባባው የሚባል ጉልበተኛና ተጫዋች ሰው ነበር።

ቢያድግልኝ ከፊት ከፊት ሄደ። ገና ፀሐይ ሳትጠነክር ሣሩ ሲንኮሻኮሽ ሰማና «ቁሙ!» አለ። ሁሉም ቆመ። ከሣሩ ውስጥ አርጃኖ ወጥቶ ጅራቱን እየጎተተ ወደ ወንዙ ሮጠ። ሰዎቹ ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና «ቁሙ!» አለ። ከቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ፣ እባብ አውልቆ የተወው ባዶ ቆዳ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ ኤሊ ሆነ።

«ሽሹ ጎበዝ!» አለ ሽባባው ማጭዱን ወደ ሰማይ እያወዛወዘ። «ኤሊ ሊበላን ነው! ቢያድግልኝ ባይኖር ዛሬ አልቀን ነበር!»

ሸለቆው በሳቅ ተናጋ። ከሳቁት መካከል አንዱ «አቶ ቁሙ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ወዲያው ሁሉም ተቀባበለው። ሽባባው ቀጥሎ «እንዲህ እየቆምን ከሄድን ጣሪያው ለከርሞም አይደርስም። ሁለተኛ ለኤሊ ካስቆምከን ማጭድ ይዘህ ከሴቶቹ ኋላ ትሰለፋለህ» አለው። ቀልዱን ነበር። ቢያድግልኝ ግን ጆሮው እስኪግል ድረስ አፈረ። ያልሳቀችው ይመኙሻል ብቻ ነበረች። «አንተ ዝም ብለህ እይልን፣ ወንድሜ» አለችው። እሱ አልሰማትም፤ ጆሮው ውስጥ የነበረው ሳቁ ነው።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ፣ ከአንድ ጥቅጥቅ ያለ ሰንበሌጥ ሥር፣ በደረቀ ቅጠል መካከል አንድ ነገር አየ። ክንድ የሚያህል ወፍራም ነው። መልኩ የደረቀ ቅጠል ነው፤ ነገር ግን ጀርባው ላይ በቅጠል ላይ የማይገኝ፣ ሥርዓት ያለው ዥንጉርጉር አለ። አይንቀሳቀስም። አባ ተገኝ ሲያስተምሩት «ሌላው እባብ ኮቴ ሲሰማ ይሸሻል፤ እፉኝት ግን አትሸሽም፣ ተኝታ ትጠብቃለች» ብለውት ነበር። «ቁሙ!» የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ።

ወዲያው «አቶ ቁሙ» የሚለው ስም ታወሰው። ቅጠል ቢሆንስ? ሃያ ሰው ለቅጠል ቆሞ ቢስቅብኝስ? ዓይኑን ከዚያ ነገር ላይ ነቀለ። «ቅጠል ነው» አለ ለራሱ፤ እግሩን ራቅ አድርጎ አለፈ።

ከኋላው የሚመጡትን ሰዎች ኮቴ እየሰማ ተራመደ። አሁንም መጮህ ይችል ነበር። አንድ እርምጃ ሄደ፣ አሁንም ይችል ነበር። ሌላም ሄደ። ከዚያ እንደሚነፋ ወናፍ ያለ ትንፋሽ ሰማ፤ ቀጥሎም የሴት ጩኸት።

ይመኙሻል ሣሩን በግራ እጇ ጨብጣ ልታጭድ ስትል ነበር እፉኝቷ የነደፈቻት። ቢያድግልኝ ሲደርስ መሬት ላይ ተቀምጣ የተነደፈ እጇን በሌላው እጇ ይዛለች። እጇ በዓይናቸው ፊት ያብጥ ጀመር። አንዱ በምላጭ እንብጣው አለ፣ ሌላው በገመድ እንሰረው አለ፤ ቢያድግልኝ ግን «አትንኳት! አባ ከልክለዋል! ቃሬዛ አምጡና ቶሎ ሐኪም ዘንድ እናድርሳት!» ብሎ ጮኸ። ከእንጨትና ከነጠላ ቃሬዛ ሠርተው እየተፈራረቁ ተሸከሟት። አቀበቱን ሲወጡ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልጆቼን፣ አደራ፣ ልጆቼን»።

ይመኙሻል አልሞተችም። ከግራ እጇ ግን ሁለት ጣት ተቆረጠ።

ወደ መንደር በተመለሰች ዕለት ሰዎች ልጆቿ ባሉበት በጎረቤቷ ቤት ተሰብስበው «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ» ይሏት ነበር። አባ ተገኝም ሽባባውም ነበሩ። ቢያድግልኝ ደጃፉ ላይ ሲቆም እሷው ቀድማ ተናገረች። «ግባ እንጂ። አንተ ምን ታደርግ፣ አላየሃት።»

ሰሞኑን ሁሉም እንዲህ ሲሉት ነበር የሰነበቱት፤ እሱም አንገቱን እየደፋ ያልፍ ነበር። አሁን ግን በፋሻ የተጠቀለለውን እጅ አየ።

«አይቻታለሁ» አለ።

ሽባባው ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ምን? አይተህ ነው ዝም ያልከው?»

«ቁጭ በል፣ ሽባባው» አሉ አባ ተገኝ። ከዚያም ወደ ቢያድግልኝ ዞረው ጠየቁት። «ለምን ዝም አልክ? እፉኝቷን ፈርተህ ነው?»

«አይደለም፣ አባ። እሷንማ ብፈራ ኖሮ እጮህ ነበር። የፈራሁት ሳቁን ነው።»

ማንም የማንንም ፊት ማየት አልቻለም። ሽባባው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ይቅር ብዬሃለሁ ልልህ አልችልም» አለች ይመኙሻል። «ገና ነው፤ ሌሊት ሌሊት ያመኛል። ግን ሣሩ ታጭዶ አላለቀም፣ ልጆቼም በሰው ቤት ናቸው። ነገ ከፊት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ያየኸውን ሁሉ ትናገራለህ?»

«እናገራለሁ፣ እህቴ።»

«እናንተስ?» አለች ወደ ሌሎቹ ዞራ። «አትስቁበትም?»

የመለሰላት ሽባባው ነበር። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። «መጀመሪያ ያሳቅሁት እኔ ነኝ» አለ። «ጣትሽን የወሰደው የኔም አፍ ነው።»

በማግስቱ ወደ ሸለቆው ሲወርዱ ሁሉም ፈርተው ነበር፤ ንፋስ ሣሩን ባወዛወዘው ቁጥር ማጭዳቸውን ገትተው ወደ ሣሩ ሥር ያያሉ። ከሁሉም የፈራው ቢያድግልኝ ነበር፤ ሆኖም ከፊት ሄደ። እስከ ማታ ድረስ ከአሥር ጊዜ በላይ አስቆማቸው። ሁለቱ እውነተኛ እባብ ነበሩ፤ ዞረው አለፏቸው። የቀሩት እንጨት፣ ሥርና እንሽላሊት ነበሩ፤ ለእነዚያም ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ቆመ። ሥራው ከታሰበው አንድ ቀን ዘግይቶ አለቀ። የይመኙሻል ጣሪያ ተከደነ፤ ዳግመኛም በዚያ ደቦ ማንም አልተነደፈም።

ወዳጄ ሆይ፣ በሸለቆው ውስጥ ከእፉኝት የባሰ ነገር ነበረ፤ እሱም ያየ ሰው እንዳይናገር የሚያደርገው ፌዝ ነው። አሥር ጊዜ በከንቱ መቆም የሚያስከፍለን አንድ ቀን ነው። አንድ ጊዜ ዝም ማለት ግን የማይመለስ ነገር ይወስዳል፤ ዋጋውንም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ዝም ያለውም የሳቀውም ሳይሆን ከኋላ የሚመጣው ነው።

አንተስ በቤትህ፣ በሥራ ቦታህ፣ በጓደኞችህ መካከል አይተህ «ቅጠል ነው» ብለህ ያለፍከው ነገር ምንድን ነው? ወይስ «ቁሙ!» ያለውን ሰው ስቀህ ዝም ያሰኘኸው አንተ ነህ?