ጀልባዎቹ ለምን ይታጠፋሉ?

አንድ ትንሽ የደሴት አገር ነበረ። ዋና ከተማው ከማነሱ የተነሣ፣ ንጉሡ ሰገነቱ ላይ ሆኖ ሲያስነጥስ ወደቡ ላይ መረብ የሚጠግኑት ሰዎች «ይማርዎ!» ይሉት ነበር። ከተማው የሚኖረው በወደቡ ነው። ዓሣው በወደቡ ይገባል፣ ጨው በወደቡ ይወጣል፣ ወሬውም እንደዚያው።

በዚህ ወደብ አንድ የሚገርም ነገር ነበር። ከባሕር የሚመለስ የዓሣ ጀልባ ሁሉ ከመግቢያው ቀጥ ብሎ ገበያው ጋ መድረስ ሲችል፣ መሃል ላይ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል። የግራውን ዳርቻ ጥግ ጥጉን ይዞ ይዞርና ወደ ገበያው ይመለሳል። በዚያ ሲያልፉ ዓሣ አጥማጆቹ ብድግ ብለው ቀኝ እጃቸውን ወደ ዳርቻው ወንጨፍ ያደርጋሉ። እጃቸው ባዶ ነው። ይህን «ሰላምታ» ይሉታል።

አዲሱ ንጉሥ ወጣትና ጠያቂ ነበር። መጠየቁ መልካም ነው፤ ችግሩ መልሱን ቶሎ ይፈልጋል።

«ጀልባዎቹ ለምን ይታጠፋሉ?» ሲል ራሱም ዓሣ አጥማጅ የሆነውን የወደቡን ሹም ገብረየስን ጠየቀው።

«ደንቡ ነው፣ ንጉሥ ሆይ።»

«ደንቡ መሆኑንማ አያለሁ። ለምን?»

ገብረየስ ጢሙን አሻሸ። «መሃል ላይ አለት አለ ይባላል። ጎረቤቴ ደግሞ የሰመጠ መርከብ ነው ይላል። ብቻ እኔ ሳልታጠፍ ገብቼ አላውቅም።»

በጉባኤው የነበሩት ሌሎቹም የየራሳቸውን ምክንያት አመጡ። አንዱ ከሥር ዘንዶ ተኝቷል አለ። ሌላው አባቴ ዘንዶውን በዓይኑ አይቶታል አለ። ሁሉም እርግጠኛ ነበር፤ በአንድ መልስ የተስማማ ሁለት ሰው ግን አልተገኘም።

ንጉሡ በከተማው ስመ ጥር የነበረችውን ጠላቂ ደብሪቱን አስጠራ። «አምስት ቀን ሰጥቼሻለሁ። አለቱንም ሆነ ዘንዶውን አግኚልኝ። ዓሣው ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ ፀሐይ እየመታው ነው። ምንም ከሌለ ጀልባ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይግባ። የግራው ዳርቻ ላይም የጨው መጋዘን እሠራለሁ፤ እዚያ ያሉት ጎጆዎች ይነሣሉ።»

ጎጆዎቹ ሰባት ነበሩ። የሚኖሩባቸው ባሎቻቸውን ባሕር የወሰደባቸው ሴቶች ናቸው። በዚያ ጉባኤ ስለ እነሱ ያነሣ ሰው አልነበረም። ከሰገነቱ ላይ ሲታይ ጎጆዎቹ እንጂ ሴቶቹ አይለዩም።

ደብሪቱ አራት ቀን ጠለቀች። አሸዋ አገኘች፤ ሌላ አሸዋ አገኘች፤ አንድ እግር ጫማ አገኘች። በአምስተኛው ቀን ብርዱ አጥንቷ ድረስ ሲገባ ቅርብ ወደነበረው የግራ ዳርቻ ዋኝታ ወጣች። እማማ ወለላ የሚባሉ አሮጊት ነጠላቸውን አልብሰው እሳት ዳር አስቀመጧት። እሳቱ ላይ ከድንጋይ ሥር የለቀሙት የባሕር ቀንድ አውጣ ይንተከተካል።

«የሚበሉት ይህን ነው፣ እማማ?»

«ሲገኝ ነው፣ ልጄ። ባሕሩ የተቆጣ ቀን እሱም የለ።»

ይህን ሲሉ ጀልባዎቹ ከባሕር መመለስ ጀመሩ። እማማ ወለላ ተነሥተው ቅርጫታቸውን ያዙና ውሃው ዳር ቆሙ። ከሌሎቹ ጎጆዎችም ስድስቱ ሴቶች ቅርጫታቸውን እንደያዙ ወጡ። ጀልባዎቹ ታጠፉ። ዓሣ አጥማጆቹ ባዶ እጃቸውን ወንጨፍ አድርገው አለፉ። ሴቶቹም ባዶ ቅርጫታቸውን ይዘው ወደየጎጇቸው ገቡ።

ደብሪቱ ክው አለች። «ቅርጫቱ ለምንድን ነው?»

«ለዓሣው ነዋ! ድሮ ጀልባ ሁሉ በዚህ የሚዞረው ባል ለሞተባት ሴት አንዳንድ ዓሣ ሊወረውር ነበር። እናቴ እኔን ያሳደገችኝ በዚያ ነው። ከዚያ ዓሣ የጠፋበት ዓመት መጣ። ‹ለዘንድሮ ብቻ› አሉና፣ ዝም ብሎ ማለፉ ቢያሳፍራቸው እጃቸውን ብቻ ወረወሩ። በከርሞው ዓሣው ተመለሰ። እጁ ግን ባዶውን መወርወር ለመደ፤ ልጆቻቸውም ያንኑ ተማሩ። እኛም አንድ ቀን ትዝ ይላቸው ይሆናል ብለን ቅርጫቱን ይዘን እንወጣለን።»

«ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?»

እማማ ወለላ እሳቱን ቆሰቆሱ። «ባሌም በሕይወት ሳለ እዚህ ጋ ባዶ እጁን ይወረውር ነበር። እያወቅሁ አንድም ቀን አልነገርኩትም፤ የእኛ ቤት ጠግቦ ነበራ። ያኔ ያልተናገርኩትን ዛሬ ሲርበኝ ልናገር? አፍራለሁ፣ ልጄ።»

ደብሪቱ ንጉሡ ፊት ቀረበች። «አለት የለም፣ ንጉሥ ሆይ። ዘንዶም የለም።»

«እንግዲያው ቀጥ ብለው ይግቡ።»

«ምክንያት ግን አለ። እኔን ውሃ ውስጥ ላኩኝ እንጂ፣ ምክንያቱስ ዳር ላይ ቆሟል። ነገ በጀልባ አብረውን ይምጡና ይዩት።»

በማግስቱ ንጉሡ ዓሣ በሞላው የገብረየስ ጀልባ ተቀመጠ። መታጠፊያው ላይ ገብረየስ ብድግ ብሎ እጁን ወነጨፈ። ንጉሡ የሴቶቹን ፊት ከቅርብ ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነበር። ጉንጮቻቸው ሟሽሸዋል።

«ምን ወረወርክ?» አለው።

«ምንም። ሰላምታ ነው።»

«እነሱስ ቅርጫት የያዙት?»

«ቅርጫቱም የሰላምታው ወግ ይመስለን ነበር፣ ንጉሥ ሆይ።»

ደብሪቱ ከጀልባው ወለል አንድ ዓሣ አነሣችና ገብረየስ መዳፍ ላይ አኖረችው። «እስቲ አሁን ሰላም ይበሏቸው።»

ገብረየስ እንደ ሁልጊዜው ወረወረ። ዓሣው ሄዶ እማማ ወለላ ቅርጫት ውስጥ ወደቀ። ርቀቱን እጁ ያውቀዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲለካው ኖሯል። ሹሙ እጁን እያየ እንባው መጣ። እማማ ወለላም ቅርጫታቸውን እቅፍ አድርገው፣ ማንም ሰምቶት በማያውቅ ድምፅ፣ «እንዴት ዋላችሁ?» ሲሉ ጮኹ። የዚያ ወደብ ሰላምታ ከስንት ዘመን በኋላ ያን ቀን መልስ አገኘ።

መጋዘኑ ሌላ ቦታ ተሠራ። ጀልባዎቹ ዛሬም ይታጠፋሉ አሉ።

ከዚህ እኔ የወሰድኩት ይህን ነው። ንጉሡ ምክንያቱን የማያውቀውን ደንብ ሊሽር ተነሣ፤ ዓሣ አጥማጆቹ ምክንያቱን የማያውቁትን ደንብ አከበሩ። በሁለቱም መሃል የተራቡት ሴቶቹ ናቸው። አንድን ልማድ ከመሻራችንም ከማክበራችንም በፊት ለማን ተብሎ እንደ ተጀመረ እንጠይቅ፤ ስንጠይቅም ቅርጫት ይዞ የቆመውን ሰው እንጠይቅ። የምናውቅም እንደሆነ ጠግበን ሳለን እንናገር።

እኛም በየቀኑ «እንዴት ነህ? አለሁልህ» እያልን እናልፋለን። እስቲ ዛሬ ስንል እጃችንን እንየው፤ ምን ይዟል?