ሦስት ወንበር፣ አንድ ፍየል

ይድረስ ለወይዘሪት ሰሎሜ።

ከሁሉ በፊት ለእጅ ጽሑፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስምንተኛን እንደምንም ነው የጨረስኩት፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ ብዙም አልያዝኩም። የትኛው ሀ የት እንደሚገባ ግር ይለኛል። የተሳሳተውን እያቃኑ ያንብቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት ለጥናቱ ወደ ቀበሌያችን መጥተው፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አንድ ነገር ጠየቁ። «ከሁለት ዓመት በፊት በተደረገው ጥናት እዚህ መንደር የተቸገረም የታመመም የለም ተብሏል። የጤና ጣቢያው መዝገብ ግን ሌላ ነው የሚለው። ለምን እውነቱን አልነገራችሁንም?» አሉ። ማንም አልመለሰልዎትም። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ አረንጓዴ ሻርፕ ያደረግኩት። አፌን ልከፍት ስል ሰው ዞሮ አየኝና ተውኩት። በሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ከባድ ነገር ስንጠይቃቸው በምሳሌ ነበር የሚመልሱልን። እኔም እንደሳቸው ልሞክር።

አንድ ሰው ነበረ። ቃጫ እየገመደ፣ ገመዱን ገበያ አውጥቶ እየሸጠ የሚኖር ድሃ ሰው ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ስለገመደ ቃጫው ጣቱን በልቶት፣ የአውራ ጣቱ መስመር ጠፍቶ እንደ ወንዝ ጠጠር ልሙጥ ሆኗል። ሚስትና አንዲት ሴት ልጅ ነበሩት። ሚስቱ ታማ ነበር። መጀመሪያ ሳል ብቻ ነበር። በኋላ ልብሷ እየሰፋት መጣ፤ እንስራ ማንሳት አቃታት፤ ከዚያ መደቡ ላይ ዋለች።

በዚያው ሰሞን የጤና መድህን የሚባል ነገር መጣ። አንድ ቤተሰብ በዓመት አንዴ ከፍሎ ደብተር ያወጣል፤ ሲታመም በደብተሩ ይታከማል። መክፈል ለማይችለው ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል ተባለ። ማን እንደማይችል የሚታወቀው በጥናት ነው። ጠያቂዎች ከቤት ቤት እየዞሩ የቤቱን ዕቃ፣ ከብቱንና በሽተኛውን ይመዘግባሉ።

ሰውየው ይህን ሲሰማ ወደ ቤቱ እየሮጠ ነው የሄደው።

«ሲመጡ አንድም ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ» አላት ሚስቱን። «ደብተሩን ይዘን ትልቁ ሆስፒታል ድረስ እንሄዳለን።»

«አንተ ብትረሳ እንኳ ሳሌ ራሱ ይነግራቸዋል» አለችው። ሁለቱም ሳቁ።

ጥናቱ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው የቀበሌው ሊቀመንበር ሰዉን ሰበሰበ። ክፉ ሰው አልነበረም። «ነገ ከመንግሥት እንግዶች ይመጣሉ» አለ። «እንግዳ ነው፤ አደራችሁን። አምና የመጣው የወረዳ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ። ይኸው የወንዝ ማዶ ሰዎች እስከ ዛሬ ይስቁብናል። እንዳታሳፍሩን!»

በመንደሩ መደገፊያ ያለው ወንበር ሦስት ብቻ ነበር። ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች ናቸው፤ የእማማ ደብሪቱ። ልጃቸው ነው ከከተማ ያመጣላቸው። የምትታለብ ላምም የነበረቻቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። እማማ ደብሪቱ ደግሞ የለመኗቸውን የማይነፍጉ ሴት ናቸው። «ወንበሩም ይዙር፣ ወተቱም ይዙር» አሉ።

እንዲህ ሆነ። እንግዶቹ አንዱ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው ወተት ይጠጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይጽፋሉ። ሲነሱ ባለቤቶቹ እስከ ውጭው በር ይሸኟቸዋል። እዚያ እጅ እየጨበጡ፣ እየመረቁ፣ መንገድ እያሳዩ ያቆዩአቸዋል። በዚያ መሀል ወንበሮቹ በጓሮ አጥር ላይ ተሻግረው ወደሚቀጥለው ቤት ይገባሉ።

«ኧረ ቀስ! እግሩን ሰብራችሁ እንዳታዋርዱን!»

«አንቺ ዝም ብለሽ ተቀበይ፤ ከወንበሩ የከበደኝ ያንቺ ጭቅጭቅ ነው!»

«ወተቱስ? ወተቱ የታል?»

«በብርቄ ጓሮ እየመጣ ነው። ጭልፋ ታህል ናት የቀረችው፤ ውሃ ጠብ አድርጊባት።»

የዚያን ቀን እንደሳቅነው ስቀን አናውቅም። ጠያቂው «ወንበሩ የናንተ ነው?» ሲል፣ ተውሰን ነው ማለት እንግዳውን ማሳቀቅ ነው። ስለዚህ ሁሉም «የራሳችን ነው፤ ተደላድለው ይቀመጡ» አለ። «ወተቱስ?» ሲል «የራሳችን ላም ናት፤ ይጠጡ፣ ይጨመርልዎት» አለ። ጠያቂውም የሰማውን ጻፈ። ወረቀቱ ላይ አርባ ሁለት ቤት፣ በየቤቱ ሦስት ሦስት ወንበር፣ በየቤቱ አንድ አንድ ላም ገባ።

ወደ ገመድ ሠሪው ቤት የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ሰውየው ሚስቱን ወደ ጓዳ አስገብቶ መጋረጃ ጋርዶባት ነበር። ሊደብቃት አልነበረም። እንግዳ ሲገባ በሽተኛ ፊት ለፊት አይተኛም ብሎ ነው። «ስለ በሽታ ሲጠይቁ እጠራሻለሁ» ብሏት ነበር።

ጠያቂው ትሁት ልጅ ነበር። ሰማያዊው ወንበር ላይ ተቀመጠ። የሰውየው ልጅ ወተቱን በብርጭቆ ቀዳችለት። «ቤትዎ ደስ ይላል፣ አባቴ» አለ። «ወተቱም ይጣፍጣል።» ሰውየው በሕይወቱ ማንም ቤትህ ደስ ይላል ብሎት አያውቅም። ደረቱ ነፋ አለ።

«ወንበር ስንት ነው?»

«ሦስት።»

«የምትታለብ ላም?»

«አንድ።»

«በግ፣ ፍየል?»

«የለም።»

«ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ?»

ሰውየው ይህን ጥያቄ ስንት ቀን ሲጠብቀው ነበር። መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። ግን እንግዳው የተቀመጠበትን ወንበር አየው፤ በእጁ የያዘውን ወተት አየው። አሁን ሚስቴ ታማለች ብል ምን ይለኛል ብሎ አሰበ። ላም አስሮ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ሚስቱን ያለ ህክምና ያስተኛ ጨካኝ ነው የምባለው። ወንበሩ የኔ አይደለም ልበል? እሱን ካልኩ የመንደሩን ሁሉ ገመና አወጣሁ።

ይህን ሲያሰላስል ከመጋረጃው ጀርባ ሳል ተሰማ። ደረቅ ሳል ነው፤ ሁለት ጊዜ።

ጠያቂው ቀና አለ። «ምንድን ነው?»

«ፍየሏ ናት» አለ ሰውየው።

ጠያቂው ፈገግ አለ። «የለም ብለውኝ አልነበር? ረስተዋታል ማለት ነው» አለና ጻፈ። ፍየል፣ አንድ። የታመመ ሰው፣ የለም። ከዚያ ቀለሙን አቀረበለት። ሰውየው ልሙጥ አውራ ጣቱን ነክሮ ፈረመ።

እንግዶቹ ሲወጡ መጋረጃው ተገለጠ። ሚስትየዋ የብርድ ልብሱን ጫፍ ነክሳ ይዛ ነበር። ከአፏ አወጣችው።

«ሜ ልበል?» አለች።

ሳቀች። ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ወደ ቤቱ በመጣ ቁጥር የብርድ ልብሱን ጫፍ ትነክሳለች።

ከስድስት ወር በኋላ መንግሥት የሚከፍልላቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ወጣ። ከዚያ መንደር አንድም ሰው የለበትም። ሰውየው አንድ ቀን ሙሉ በእግሩ ሄዶ ቢሮ ገባ። ጸሐፊዋ ጥሩ ሴት ነበረች፤ አላመናጨቀችውም። ወረቀቱን ፈልጋ አወጣችለት።

«ይኸው አባቴ። ሦስት ወንበር። የምትታለብ ላም፣ አንድ። ፍየል፣ አንድ። የታመመ ሰው የለም ይላል። ይህ ጣት የርስዎ ነው?»

ሰውየው አየ። ከላይም ከታችም ያለው የሌላው ሰው ጣት እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ቀለበት ቀለበት ሠርቷል። የሱ ጥቁር ጠብታ ብቻ ነው፤ ምንም መስመር የለውም። መካድ አይችልም።

«የኔ ነው» አለ።

«እንግዲህ ይህ የሚታረመው በሚቀጥለው ጥናት ነው። ገና ዓመት ተኩል ይቀረዋል» አለችው። አሳዘናትና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እስከዚያ ግን ፍየሏን ቢሸጧት እኮ ደብተሩን ያወጡባታል።»

ሰውየው ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

ሚስቱ በሐምሌ ሞተች። የለቅሶው ዕለት እነዚያ ሦስት ሰማያዊ ወንበሮች እንደገና ወደ ቤቱ መጡ። በዚህኛው ጊዜ ግን በጓሮ አጥር አልነበረም፤ በፊት ለፊቱ በር፣ ሰው ሁሉ እያየ ገቡ። ሰውየው ወንበሮቹን ሲያይ ተነሥቶ ቆመ። በሠፈሩ ሰው ፊት ደረቱን እየመታ፣ «ፍየል ናት ያልኳት እኔ ነኝ! ሰው ሆና ሳለ ፍየል ያልኳት እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ሰው ስሙን ትቶ ሚስቱን ፍየል ያለው ይለዋል። እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል።

ምሳሌው ይህ ነው፣ ወይዘሪት ሰሎሜ።

ለምን እውነቱን አልነገራችሁንም ብለው ነበር። ስንዋሻችሁ የዋሸን አልመሰለንም፤ ያከበርናችሁ ነበር የመሰለን። ጥናታችሁ እንደዚያ እንግዳ ነው። በፊት በር ይገባል፣ የቀረበለትን ያያል፣ በፊት በር ይወጣል። እኛ ደግሞ እንደዚያ ሰውዬ ነን። የሌለንን አውጥተን እናሳያለን፤ ያለብንን ጓዳ አስገብተን እንጋርዳለን። መድህኑ የመጣው ለተጋረደው ነበር። ወረቀቱ ላይ የወጣው ግን የተዋስነው ነው። ወረቀት ጓሮ አጥር አያይም። የሚስልን ነገር ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል እንጂ ተነሥቶ መጋረጃ አይገልጥም።

ስለዚህ ዘንድሮ ወደየቤታችን ሲገቡ አንድ ነገር ልለምንዎት። ወንበር ሲያመጡልዎት አይቀመጡ፤ መደቡ ላይ ወይም መሬቱ ላይ ይቀመጡ። ወተቱንም ጾም ላይ ነኝ ብለው ይመልሱት። ባለቤቱ ያፍራል። ይፈር ግድ የለም። አንዴ ካፈረ በኋላ ነው የሚናገረው። እማማ ደብሪቱንም አይቆጧቸው፤ እሳቸው ያዋሱን በቅን ልብ ነው፤ ከለቅሶው ወዲህ ወንበሮቹን ገልብጠው ቆጥ ላይ ሰቅለዋቸዋል።

ምሳሌው እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን እርስዎ የጠየቁት እውነት ነው።

ሰውየው አባቴ ነው። ይህን ማንንም ቢጠይቁ ይነግርዎታል። ወተቱን የቀዳችው ልጅ እኔ ነኝ። በእንግዳ ፊት ቃል ተንፍሼ አላውቅም፤ ባለፈው ሳምንትም አይተውኛል። በሕይወቴ የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። እናቴ ስትስል አባቴ እኮ ተነሥቶ ነበር። መጋረጃውን በእጁ ይዞት ነበር፤ ሊገልጠው ነው። ጠያቂው ምንድን ነው ሲል አባቴ አፉን ከፈተ። እኔ ከኋላው ቆሜ የእማማ ደብሪቱን ወተት ይዤ፣ ወንበሩን እያየሁ፣ እንዳንዋረድ ፈራሁ።

እናቴ ድምፄን ለይታዋለች። አባቴም ያውቃል። በለቅሶው ቀን እኔ ነኝ ብሎ ሲጮህ ከወንበሮቹ ጀርባ ቆሜ ሰምቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬም አንድ ቃል አልተናገረኝም፣ እኔም ለማንም አልተናገርኩም።

ፍየሏ ናት ያልኩት እኔ ነኝ።