የምድር ቤቱ ውል

አንድ ሕግ አክባሪ ሰው ነበሩ፤ አቶ ደምሰው ይባላሉ። ጡረታ ሲወጡ ከቤታቸው ሥር ያለውን፣ ደረጃ ተወርዶ የሚገባበትን ምድር ቤት ለማከራየት አሰቡ። ሌላ ሰው ቢሆን ጠርጎ፣ ቁልፍ ቀይሮ ያከራየው ነበር። እሳቸው ግን አስቀድመው ፈቃድ ጠየቁ። የግንባታ ተቆጣጣሪው መጥቶ የጣሪያውን ከፍታ ለካ። መስኮቱ ጠባብ ነው አለ፤ ለክፉ ቀን ሁለተኛ መውጫ በር ያስፈልጋል አለ። አቶ ደምሰው ሳያጉረመርሙ ግድግዳ አስፈርሰው መስኮቱን አሰፉ፣ በሩንም አወጡለት። ፈቃዱ ሲሰጣቸው በመስታወት አስገብተው ሳሎን ውስጥ ሰቀሉት። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሊመሰገኑ ይገባል። ሰውን ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ኪራይ የሚቀበለው ስንቱ ነው!

አንድ ፍርሃት ግን ነበረባቸው። ጎረቤታቸው ያከራዩት ጎረምሳ በጭፈራና በጠብ ሰፈሩን አምሶት ነበርና፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ውሉ ላይ በገዛ እጃቸው ሁለት መስመር ጨመሩ። «እንግዳ ማስገባት ክልክል ነው። ከክፍሉ ውጭ የሚሰማ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው።»

ትርንጎ የምትባል፣ ልብስ ስፌት ተቀጥራ የምትሠራ ወጣት ውሉን አንብባ ፈረመች። ብዙ ቤት አይታ ነበር፤ እንዲህ ብርሃን የሚገባበት አላገኘችም። ዓመት ሙሉ ስትኖር ሬዲዮ አልከፈተችም፣ አንድ ዘመድ አላስገባችም። ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። አቶ ደምሰውም «ተከራይ ማለት እንዲህ ነው፤ መኖሯን እንኳ አላውቅም» እያሉ በልባቸው ይደሰቱ ነበር። ማመስገናቸው እኮ ነው!

በዚያ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አቶ ደምሰው በርሜላቸውን ደቅነው ቢጠብቁ፣ የላይኛው ቧንቧ ጠብ አልል አለ። ጆሯቸውን ቢጥሉ ከታች ውኃ ይንዶቆዶቃል። ጠበቁ፤ አልቆመም። በርሜል ቀርቶ ገንዳ በሞላ ነበር። ተናደው ደረጃውን ወረዱና በሩን አንኳኩ። መልስ ሲያጡ ገፋ አደረጉት።

ትርንጎ መታጠቢያው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች። ከአናቷ በላይ ቧንቧው ተከፍቶ ውኃው ዝም ብሎ ይፈሳል።

«ምን ሆንሽ?» አሉ። ለቁጣ የመጡበት ነገር ጠፋባቸው።

ደንግጣ ተነሳችና ቧንቧውን ዘጋች። «ይቅርታ ጋሼ። ድምፄ ላይ ድረስ እንዳይሰማ ብዬ ነው።»

«ማን ሞተብሽ?»

«እናቴ። ከሰማሁ ሦስት ቀኔ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ! ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርዎ ሰው ይመጣል፤ ሰው ከመጣ ውሉን አፈረስኩ ማለት ነው። እናቴን አጥቼ ቤት ደግሞ ልጣ?»

መርዶውን የነገረቻት የአክስቷ ልጅ ነበረች፤ ያውም በስልክ። ዓመቱን ሁሉ «አትምጪ፣ እንግዳ አይፈቀድም» እየተባለች የተመለሰች ዘመድ ምን ታድርግ? መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ወድቀን ስንፈጠፈጥ የሚይዘን ሰው ባለበት ነው። ትርንጎ የወደቀችው ብቻዋን ነበር።

አቶ ደምሰው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። የገዛ እናታቸው ያረፉ ጊዜ ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶ፣ አግዳሚ ወንበሩ መንገድ ላይ ድረስ ተደርድሮ ነበር። ይህች ልጅ ግን እሳቸው ከላይ ሲበሉና ሲጠጡ፣ ከእግራቸው ሥር አፏን ይዛ ሦስት ቀን አልቅሳለች። አፈሩ። እንባቸውም መጣ። ከዚያ ተነስተው በቀጥታ ወደ እድሩ ዳኛ ቤት ሄዱ።

«ድንኳን ስጡኝ» አሉ።

«ምነው፣ ማን አረፈብህ?» አሉ ዳኛው።

«የተከራዬ እናት።»

«ድንኳን ለአባል ቤተሰብ መሆኑን ታውቃለህ። ሟቿ ላንተ ምንህ ናት?»

«ስሟን እንኳ አላውቅም» አሉ አቶ ደምሰው። «ለቅሶው ግን ከእኔ ቤት ነው።»

ዳኛው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ።

ከሰዓት በፊት ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ተተከለ። አቶ ደምሰው የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፍተው፣ ራሳቸው ደጃፍ ቆመው «ግቡ፣ ግቡ» ይሉ ጀመር። የአክስቷ ልጅ ተጠርታ እየሮጠች ስትገባ ትርንጎ «እናቴን!» ብላ ጮኸች። ጩኸቷ ሰፈሩን አዳረሰው፤ ጎረቤቱም ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። አንዲት አሮጊት አቅፈዋት ሲያለቅሱ ቆዩና፣ «ልጄ፣ የየት ሰፈር ልጅ ነሽ?» ብለው ጠየቋት።

«እዚሁ ነው የምኖረው እማማ። ዓመት ሆነኝ» አለች፣ ወደ ምድር ቤቱ እያመለከተች።

አሮጊቷ ቀና ብለው አቶ ደምሰውን አዩ። አቶ ደምሰው አንገታቸውን ደፉ።

ወዳጄ፣ የአቶ ደምሰው ምድር ቤት በሕግ ፊት አንዳች ጉድለት አልነበረበትም። ሕግ ጣሪያውን ያስለካል፣ መስኮቱን ያሰፋል፤ ይህም ደግ ነገር ነውና ይጠበቅ። ነገር ግን ወደ ቤታችን የምናስገባው ሰው ሳቁንም ለቅሶውንም ዘመዱንም ይዞ ነው የሚመጣው። በሩን ለእሱ ከፍተን ለሀዘኑ ከዘጋንበት፣ ቤት አከራየን እንጂ ሰው አላስጠጋንም። አንተስ፣ «የእኔ ተከራይ ድምፁ አይሰማም» ብለህ የምትመካው፣ ዝም ያለው ደልቶት ነው ወይስ ፈርቶህ?